የፎርሙላ ዋን የአሽከርካሪዎች ዝውውር ወሬ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎርሙላ ዋን የተባለውን የመኪና ውድድር የሚከታተል ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እሁድ ውድድሩ ያልቃል፣ ሰኞ ጠዋት ወሬው ይጀምራል። እገሌ ወደ ፌራሪ ሊሄድ ነው። እገሌ ከሬድ ቡል ሊባረር ነው። እገሌን ሆቴል ውስጥ ከእገሌ ጋር አይተነዋል። ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣም ሆነ በቴሌግራም ስንጻጻፍ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልስ ጽፌባቸዋለሁ። ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከእግር ኳስ ዝውውር በምን ይለያል?

ብዙዎቻችን ዝውውር የሚባለውን ነገር የለመድነው በእግር ኳስ ነው። እዚያ የሚከፈትና የሚዘጋ የዝውውር መስኮት አለ። አዲስ አጥቂ ሲመጣ ነባሩ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል እንጂ ቤቱን ለቆ አይወጣም። ፎርሙላ ዋን ላይ መስኮት የሚባል ነገር የለም። ቡድኖቹ በፈለጉት ወር ያስፈርማሉ፣ በፈለጉት ወር ያሰናብታሉ። አንድ ቡድን ያለው ደግሞ ሁለት መኪና ብቻ ነው። እስከ 2025 ድረስ 10 ቡድን ነበር፣ ማለትም 20 ወንበር። በ2026 ካዲላክ 11ኛ ቡድን ሆኖ ሲገባ 22 ሆነ። በመላው ዓለም ያለው ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ይመጣል የሚል ወሬ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይወጣል የሚል ወሬ ነው። የሚወጣውም ሰው ስሙ ይታወቃል። በዚያው ሰሞን በየጋዜጣዊ መግለጫው ተቀምጦ ስለራሱ መባረር ይጠየቃል። ወሬውን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ወሬው የሚበረታው መቼ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በጁላይና በኦገስት፣ ከአውሮፓው የበጋ እረፍት በፊትና በእረፍቱ ወቅት ነው። የውጭ ጋዜጠኞች ሲሊ ሲዝን፣ የቂል ወቅት እንደማለት፣ ይሉታል። ግን ሕግ የለውም። በ2020 በኮሮና ምክንያት አንድም ውድድር ሳይካሄድ፣ በሜይ ወር ሰባስቲያን ፌተል ከፌራሪ ጋር እንደማይቀጥል ተነገረ። ሁለት ቀን ቆይቶ ካርሎስ ሳይንዝ ለፌራሪ፣ ዳንኤል ሪካርዶ ለማክላረን መፈረማቸው ይፋ ሆነ። ሦስቱም የዓመቱን ውድድር የጀመሩት የሚለቁትን ቡድን ልብስ ለብሰው ነው።

የመርሴዲሱ ሉዊስ ሃሚልተን ውል እያለው እንዴት ወደ ፌራሪ ሄደ?

ይህን ጥያቄ እስካሁን የሚጠይቁኝ አሉ። አይፈረድባቸውም፣ ብዙ ባለሙያም ደንግጦ ነበር።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በሜይ 2023 ፌራሪ ሃሚልተንን ይፈልገዋል የሚል ወሬ ተነዛ። ሃሚልተን አስተባበለ። በኦገስት መጨረሻ መርሴዲስ ከእሱ ጋር እስከ 2025 የሚቆይ አዲስ ውል መፈረሙን አሳወቀ። ወሬው ሞተ ተባለ። እኔም ጉዳዩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ግን መርሴዲስ ሃሚልተን በዓመቱ መጨረሻ እንደሚለቅ፣ ፌራሪ ደግሞ ለ2025 እንዳስፈረመው አሳወቁ። ለመርሴዲሱ አለቃ ለቶቶ ቮልፍ ነገሩ የተነገረው ከአንድ ቀን በፊት ነው፣ ኦክስፎርድ ባለው የቮልፍ ቤት ጠዋት ላይ። ሁለቱ ሰዎች ከ2013 ጀምሮ አብረው ሠርተዋል። ሃሚልተን ካሉት ሰባት የዓለም ሻምፒዮና ክብሮች ስድስቱን ያገኘው በመርሴዲስ ነው።

ታዲያ ውሉስ? ውሉ አልፈረሰም። በውሉ ውስጥ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አሽከርካሪው እንዲወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበር። እሱን ተጠቀመበት። በኦገስቱ መግለጫ ላይ ስለዚህ አንቀጽ አንድ ቃል አልተነገረም። ያየነው የሁለት ዓመት ውል የሚለውን ብቻ ነው። የፌራሪው አለቃ ፍሬድ ቫሰር ደግሞ ለሃሚልተን እንግዳ አልነበረም። በ2006 ሃሚልተን ከፎርሙላ ዋን በታች ባለው በጂፒ2 ውድድር ሻምፒዮን ሲሆን የቡድኑ አለቃ እሱ ነበር።

ስለዚህ የ2023ቱ ወሬ ውሸት ነበር ወይስ እውነት? እኔ ጊዜው ያልደረሰ ወሬ ነበር እላለሁ። የዝውውር ወሬን ማስተባበያ ሙሉ በሙሉ የማይገድለው ለዚህ ነው። ፍላጎቱ እስካለ ድረስ ወሬው ይተኛል እንጂ አይሞትም።

ዱብ ዕዳው የወረደው በፌራሪው ሳይንዝ ላይ ነው። ምንም ሳያጠፋ ወንበሩን አጣ። ዓመቱ እንደተጀመረ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሳዑዲ ዓረቢያው ውድድር ሳይሳተፍ ቀረ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አውስትራሊያ ላይ አሸነፈ። የተባረረ ሰው ነው ያሸነፈው! ያም ሆኖ ከትልልቆቹ ቡድኖች አንዱም በር አልከፈተለትም። በጁላይ መጨረሻ ለዊሊያምስ ፈረመ።

“ረጅም ውል ፈርሟል” ማለት እንግዲህ ምን ዋጋ አለው?

ዋጋ አለው፣ ግን እኛ የምንገምተውን ያህል አይደለም። ውሉ የሚወስነው ሰውየው ቢወጣ ማን ለማን እንደሚከፍል ነው። በወንበሩ ላይ መቆየቱን አይወስንም።

ሰርጂዮ ፔሬዝን እንመልከት። ሬድ ቡል በጁን 2024 እስከ 2026 ውሉን አራዘመለት። በዲሴምበር 18 ቀን መለያየታቸው ተነገረ። የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ ማለት ይሄ ነው። በምትኩ የመጣው ሊያም ሎሰን በ2025 ለዋናው ቡድን የነዳው ሁለት ውድድር ብቻ ነው፤ አውስትራሊያና ቻይና። ከዚያ ሬድ ቡል ወዳለው ሁለተኛ ቡድን መልሰው ዩኪ ሱኖዳን አመጡ። ሱኖዳም ዓመቱን ጨርሶ ወደ ተጠባባቂነት ወረደ፣ ለ2026 ወንበሩ ለአይዛክ ሃጃር ተሰጠ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ያንን መኪና ይዘው የተቀያየሩትን ቁጠሯቸው።

ሁለት ቡድኖች አንዱን አሽከርካሪ “የእኛ ነው” ቢሉስ?

ይህ በትክክል ሆኗል፣ ያውም ዓለም ሁሉ እያየ።

የ2022 በጋ ነው። በጁላይ 28 ፌተል ጡረታ እንደሚወጣ አሳወቀ። ስለዚህ ሲነዳለት በነበረው በአስቶን ማርቲን ቡድን ውስጥ ወንበር ክፍት ሆነ። በኦገስት 1 ቀን፣ ከሃንጋሪው ውድድር ማግስት፣ አስቶን ማርቲን ፈርናንዶ አሎንሶን ማስፈረሙን አሳወቀ። አሎንሶ ያኔ የአልፒን አሽከርካሪ ነበር። የአልፒን አለቃ የነበሩት ኦትማር ሳፍናወር ነገሩን የሰሙት እንደ እኛው ከመግለጫው ነው፣ ራሳቸው ተናግረዋል።

አልፒን በማግስቱ ቸኩሎ መግለጫ አወጣ። ወጣቱ አውስትራሊያዊ ኦስካር ፒያስትሪ በ2023 ይነዳልናል አለ። ፒያስትሪ ከፎርሙላ ዋን በታች ባሉት በፎርሙላ 3 እና በፎርሙላ 2 ሻምፒዮን ሆኖ በአልፒን ተጠባባቂነት አንድ ዓመት የጠበቀ ልጅ ነው። መግለጫው ውስጥ ግን የእሱ ቃል አልነበረበትም። ልምድ ያለው አንባቢ እዚያው ላይ ጠርጥሯል። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ፒያስትሪ ራሱ በትዊተር ጻፈ፦ መግለጫው ያለ እሱ ስምምነት መውጣቱን፣ ለ2023 ከአልፒን ጋር አለመፈረሙን፣ ለእነሱም እንደማይነዳ። የ21 ዓመት ልጅ፣ ገና አንድ ፎርሙላ ዋን ውድድር ያልጀመረ፣ አንድ ትልቅ ፋብሪካን በአደባባይ አይሆንም አለ። እኔ ያን ጽሑፍ ሳነብ ለልጁ ፈራሁለት። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ሙያው ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

አልተሳሳተም። ጉዳዩ የውል እውቅና ቦርድ ወደሚባለው አካል ሄደ። ይህ ቦርድ ጄኔቫ ላይ የሚሰየም የሕግ ሰዎች ጉባኤ ነው። አሽከርካሪ ከአንድ በላይ ቡድን ጋር ሲያያዝ የትኛው ውል እንደሚጸና ይወስናል። በሴፕቴምበር 2 ቀን ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ የሚጸናው ፒያስትሪ በጁላይ 4 ከማክላረን ጋር የፈረመው ውል ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ማክላረን ውስጥ ውስጡን ጨርሶ ነበር ማለት ነው። አልፒን የእኛ ነው ያለው በወረቀት ሥራ ተዘናግቶ፣ በእጁ የሚጸና ፊርማ ሳይኖር ነው።

ቦርዱ እንዲቋቋም ምክንያት የሆነው ደግሞ ማይክል ሹማከር ነው። በኦገስት 1991 የጆርዳን ቡድን አሽከርካሪ በርትራንድ ጋሾ ለንደን ውስጥ በታክሲ ሹፌር ላይ አስለቃሽ ጋዝ በመርጨቱ ታሰረ። ወንበሩን ለአንድ ውድድር ያገኘው ማንም በቅጡ የማያውቀው ሹማከር ነበር። ቤልጂየም ላይ ለመነሻ ቦታ በተደረገው ውድድር ሰባተኛ ወጣ። እሁድ ገና በመጀመሪያው ዙር ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ቆመ። ግን ሰው ሁሉ አይቶታል። በሚቀጥለው ውድድር፣ ሞንዛ ላይ፣ የቤኔተንን ልብስ ለብሶ ተገኘ። ጆርዳን ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፣ አልተሳካለትም። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ቡድኖቹ ውላቸውን አንድ ቦታ እንዲያስመዘግቡ ተደረገ።

አንድ ሰው ሲንቀሳቀስ ስንት ሰው ይነካል?

የዚያኑ የ2022 በጋ ሰንሰለት ብቻ ልንገራችሁ። ፌተል ጡረታ ወጣ። አሎንሶ ቦታውን ያዘ። ፒያስትሪ ወደ ማክላረን ሲሄድ ሪካርዶ አንድ ዓመት ውል እየቀረው ካሳ ተከፍሎት ወጣ። አልፒን አሎንሶንም ፒያስትሪንም ሲያጣ ፒየር ጋስሊን ከሬድ ቡል ሁለተኛ ቡድን ከአልፋታውሪ ወሰደ። አልፋታውሪ በጋስሊ ምትክ ኒክ ደ ቭሪስን አስፈረመ። ደ ቭሪስ በ2023 አሥር ውድድር ነድቶ ተባረረ፣ የተካው ማን መሰላችሁ? ሪካርዶ።

አንድ የአራት ጊዜ ሻምፒዮን ይበቃኛል ስላለ ይህ ሁሉ ሆነ።

ወሬውን የሚያወጣው ማን ነው?

ወሬ ባለቤት አለው። አንድ ዘገባ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው እውነት ነው ወይ ብዬ አይደለም። ይህ ነገር ዛሬ መውጣቱ የሚጠቅመው ማንን ነው ብዬ ነው።

የአሽከርካሪው ወኪል ሊሆን ይችላል። ውል እያደሱ ከሆነ ሌላ ቡድን ይፈልገዋል መባሉ ደመወዝ ከፍ ያደርጋል። ቡድኑ ሊሆን ይችላል፤ ነባሩ አሽከርካሪ ብዙ ሲጠይቅ የሌላ ሰው ስም ማውጣት ያቀዘቅዘዋል። ስፖንሰር ሊሆን ይችላል። ወንበሩን የተቀማው ሰው ወገንም ሊሆን ይችላል፣ ሆዱ ብሶት። ጋዜጠኛው ሁልጊዜ ፈጥሮ አይጽፍም። ብዙ ጊዜ የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ ያሰማው ሰው ግን በነጻ አላሰማውም።

የቨርስታፐን ወደ መርሴዲስ ወሬስ ባዶ ነበር?

ባዶ አልነበረም። ሃሚልተን እንደሚለቅ ከታወቀ በኋላ ቮልፍ ማክስ ቨርስታፐንን እንደሚፈልገው አልደበቀም። በ2025 በጋ ነገሩ እንደገና ጋለ። በጁን መጨረሻ የመርሴዲሱ ጆርጅ ራስል ራሱ ቡድኑ ከቨርስታፐን ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ለቴሌቪዥን ተናገረ። እኔ ይህን በጣም ወድጄለታለሁ። ውሉ በዓመቱ መጨረሻ የሚያልቅ ሰው፣ ለምን አዲስ ውል እንዳልተሰጠው ሲጠየቅ፣ እውነቱን ነው የመለሰው።

ቨርስታፐን ከሬድ ቡል ጋር እስከ 2028 ውል አለው። ብዙ ዘገባዎች እንደጻፉት በበጋው እረፍት ላይ በነጥብ ከሦስተኛ በታች ከሆነ መውጣት የሚያስችለው አንቀጽ ነበረው። ሦስተኛ ነበር። በጁላይ 9 ሬድ ቡል የረጅም ጊዜ አለቃውን ክርስቲያን ሆርነርን አሰናበተ። በጁላይ 31 ቨርስታፐን ቡዳፔስት ላይ በ2026ም ሬድ ቡል እንደሚነዳ ተናገረ። ራስል አዲሱን ውል ያገኘው ግን በኦክቶበር አጋማሽ ነው።

ያን ሰሞን ሁሉ ስለ ቨርስታፐን ሲያወራ የከረመ ሰው፣ ራስል ያን ያህል ወራት እንዴት እንዳደረ አስቦ ያውቃል?

ማንኛውም ጥሩ አሽከርካሪ ወንበር ማግኘት ይችላል?

አይችልም። ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ አለ። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ፊያ፣ ነው የሚሰጠው። በመደበኛው ሕግ 18 ዓመት መሙላትና በሦስት የውድድር ዘመን ውስጥ 40 ነጥብ መሰብሰብ ይጠይቃል። በ2022 ሬድ ቡል አሜሪካዊውን ኮልተን ሄርታን ለሁለተኛ ቡድኑ ፈልጎት ነበር። ኢንዲካር በሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ያሸነፈ ልጅ ነው። ነጥቡ አልሞላም፣ ፊያም የተለየ ፈቃድ አልሰጠም፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ከፎርሙላ ዋን ውጭ ያለ ሰው ስም ስትሰሙ መጀመሪያ ነጥቡን ጠይቁ። ግማሹ ወሬ እዚያው ላይ ያበቃል።

ገንዘብስ?

ገንዘብ ይወስናል፣ በተለይ ከታች ባሉት ቡድኖች። ሩሲያዊው ኒኪታ ማዜፒን በ2021 ሃስ የሚባለው ቡድን ሲገባ የአባቱ ኩባንያ ዋናው ስፖንሰር ሆኖ አብሮት መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ በማርች 2022፣ ቡድኑ ሁለቱንም አሰናበተ። ብሩ ሲሄድ ወንበሩም ሄደ።

ግን ገንዘብ ይዞ የመጣ ሁሉ መንዳት አይችልም ማለት ትክክል አይደለም። ፔሬዝ ከሜክሲኮ ስፖንሰሮች ጋር ነው ያደገው፣ በፎርሙላ ዋን ስድስት ጊዜ አሸንፏል።

ቡድኑ “እንተማመንበታለን” ካለ ልመን?

ቡድኑ ሳይጠየቅ ከተናገረው እጠራጠራለሁ። ከሚናገሩት ይልቅ ማንን በተጠባባቂነት እንዳስፈረሙ ተመልከቱ። አልፒን በጃንዋሪ 2025 ፍራንኮ ኮላፒንቶን ከዊሊያምስ ሲያመጣ ጃክ ዱሃን የዓመቱን የመጀመሪያ ውድድር ገና አልነዳም ነበር። ኮላፒንቶ በትውልድ አገሩ በአርጀንቲና እጅግ የሚወደድና ስፖንሰር የሚከተለው ሰው ነው። ወዲያው ወሬው ተነሳ፣ ዱሃን የተሰጠው ጥቂት ውድድር ነው ተባለ። በሜይ፣ ስድስት ውድድር እንደነዳ፣ ወንበሩ ለኮላፒንቶ ተሰጠ። ይህ ወሬ ከመጀመሪያው ቀን ልክ ነበር። ያሳዝናል፣ ግን ልክ ነበር።

ታዲያ አዲስ ወሬ ስሰማ ምን ላድርግ?

ወንበሩን ቁጠሩ። ይሄዳል የተባለበት ቡድን ውስጥ የማን ውል መቼ ያልቃል? ክፍት ወንበር ከሌለ ማን ሊወጣ ነው? ይህን መመለስ የማይችል ዘገባ ውሃ አያነሳም። ቀጥሎ የጻፈውን ሰው እዩ። ለዓመታት በየውድድሩ ቦታ እየተገኘ የሚዘግብ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ገልብጦ የለጠፈ? የአንድ ሰው ወሬ አምስት ገጽ ላይ ሲገለበጥ አምስት ምንጭ ይመስላል። ሲተረጎም ደግሞ “ሊሄድ ይችላል” የሚለው “ሄደ” ሆኖ ይደርሰናል። በአማርኛ የስፖርት ገጾች ላይ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ባናደርገው ደስ ይለኛል።

መግለጫ ሲወጣ ደግሞ የአሽከርካሪው ቃል ውስጡ እንዳለ አረጋግጡ። አልፒን አስተምሮናል።

ወሬው አሽከርካሪዎቹን ይጎዳል?

በሴፕቴምበር 2024 ወደ ሲንጋፖር ሲሄዱ ሪካርዶ የመጨረሻ ውድድሩ ሊሆን እንደሚችል ሁሉም ያወራ ነበር። ቡድኑ አላረጋገጠም፣ አላስተባበለምም። በየቃለ መጠይቁ ስለዚሁ ተጠየቀ። ስምንት የፎርሙላ ዋን ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። እሁድ ማታ፣ ሴፕቴምበር 22፣ ከኋላ ሆኖ ሲጨርስ አዲስ ጎማ አስገብተውለት የውድድሩን ፈጣን ዙር ነዳ። ደጋፊዎች የቀኑ ምርጥ አሽከርካሪ አድርገው መረጡት። ውድድሩ አልቆ ሌሎቹ ከመኪናቸው ሲወርዱ እሱ ቶሎ አልወረደም። ጥቂት ጊዜ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። ቡድኑ መለያየታቸውን በይፋ የተናገረው ከአራት ቀን በኋላ ነው።